አምስተኛው ምርጫ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ዓይንሽስ? ያ ቀይ እስክሪብቶሽስ ቀለሙ ገና አላለቀም? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው፤ ስቀመጥም ይጮኻል፣ ስነሳም ይጮኻል። ሞላው የላላ አሮጌ ሶፋ በይው። ልዩነቱ፣ ሶፋ ቢሆን ኖሮ እጠግነው ነበር። እናትሽ ከማናችንም በላይ ደህና ናት። የእሷ ጤንነት የሚለካው በድምጿ ነው፤ ይህን ስጽፍልሽ እንኳን ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና መቀሱን የት እንደደበቅኩባት ትጠይቀኛለች። መቀሱ ጭኗ ላይ ነው። አልነገርኳትም፤ ትንሽ ትፈልገው።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ስልኩንማ ሞከርኩት። ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ጋሼ፣ ተደወለ፣ ክፍል ልገባ ነው» ትዪኛለሽ። ከሰዓት በኋላ ስደውል እያረምሽ ነው። እሑድ ስደውል ልብ ወለድሽን እየጻፍሽ ስለሆነ ጭራሽ አታነሺውም። ደብዳቤ ግን ጆሮዬ ላይ አይዘጋም። ደግሞ ዘለሽ ዘለሽ እንዳታነቢው፤ መጨረሻው ላይ ጥያቄ አለው።

በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ የላክሽው ፖስታ ደርሶኛል። ደብዳቤሽንም፣ አብሮት የነበረውን የፈተና ወረቀትም አነበብኩ። አንብቤ ተናደድኩ። የተናደድኩት በትክክለኛው ሰው ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሜ አነበብኩ። አዎ፣ በትክክለኛው ሰው ላይ ነው። በአንቺ ላይ ነው።

እስቲ ነገሩን እንደገባኝ ልድገመው፤ የሳትኩት ካለ አርሚኝ፣ ሥራሽ ነው።

የአሥረኛ ክፍልን የቋንቋ ፈተና እንድታወጪ ተመደብሽ። ያዘጋጀሽው ምንባብ ፈተናው ሊታተም ሲል ሾልኮ ወጣና ተማሪው ሁሉ በቃሉ ይወጣው ጀመር። ርዕሰ መምህራችሁ፣ እኔ አቶ መመሪያ ብዬ ስም ያወጣሁለት ሰውዬ፣ «ከእረፍት በፊት ሌላ ምንባብ ይምጣ» ብሎ ራስሽ ላይ ቆመ። ቦርሳሽን ስትከፍቺ ያገኘሽው አንድ ማበጠሪያ፣ አንድ የተነከሰ ብስኩትና ለወጣቶች ብለሽ በየክፍት ክፍለ ጊዜሽ የምትጽፊው የዚያ ልብ ወለድ ሰባተኛ ምዕራፍ ነው። ቸኩለሽ ከእሱ አንድ ገጽ ገለበጥሽና ሰጠሽው። ከሥሩም «ጸሐፊው ያልታወቀ» ብለሽ ጻፍሽ። ይህ ማለት የገዛ ልጅሽን ትምህርት ቤት ልታስመዘግቢ ሄደሽ የእናት ስም ሲጠይቁሽ «እኔ እንጃ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ንዴቴ ይህ ነው፤ ገና ሌሎች አሉ።

ምንባቡ መጥፎ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነው፤ ግን ዛሬ ላወድስሽ አልተነሳሁም። አባቷ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ቤት ያስቀራት ልጅ የጨርቅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መናኸሪያ ትሄዳለች። ከሹፌሩ ኋላ መስኮቱ ጥግ ትቀመጣለች። ትኬቱን ከመጨበጧ የተነሣ ቀለሙ መዳፏ ላይ ይታተማል። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ብርቱካን ትልጣለች፤ ረዳቱ «ሁለት ሰው ነው የቀረኝ» እያለ ይጮኻል፤ ሁለት ሰው ሲገባለትም ያንኑ ይጮኻል። መጨረሻ ላይ አውቶቡሱ ሞልቶ ሞተሩ ይነሳል። ልጅቷም ቦርሳዋን ይዛ ትወርድና ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ምንባቡ አለቀ።

ከዚያ ጥያቄሽ መጣ። «ልጅቷ ከአውቶቡሱ የወረደችው ለምንድን ነው?» ሀ፣ የማታውቀው ከተማ ስላስፈራት። ለ፣ ወላጆቿን በማስቀየሟ ስለተጸጸተች። ሐ፣ የመምህሯ ምክር ትዝ ስላላት። መ፣ የያዘችው ገንዘብ ስለማይበቃት። ትክክለኛው መልስ «ሐ» ነው ብለሽ ማረሚያው ላይ አስቀመጥሽ።

አንቺ ልጅ! እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ወንበር ልጠግን ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ደንበኞቼ ሶፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ከተዉት ጋዜጣ ላይ ነው። ሆኖም ምንባብሽን ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አንዲት መምህር አላገኘሁበትም። የት ናት? ወንበር ሥር ገብታለች? ብርቱካን የምትልጠዋ ሴትዮ ናት? ዝም ብለሽ ከራስሽ ኪስ አውጥተሽ ነው የጨመርሻት። ልጅቷን አውቶቡስ ላይ ስታወጫት ደራሲ ነበርሽ፤ ልታወርጃት ስትይ አስተማሪነትሽ መጣብሽና መካሪ ላክሽባት።

ለተማሪዎችሽ ግን አልተዋጠላቸውም። ግማሹ ክፍል አራቱን ምርጫ ትቶ ከሥር አምስተኛ ምርጫ ፈጠረ፤ «ሠ» ብሎ የየራሱን ጻፈ። ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ወንጀል ቆጥረሽ የዘረዘርሽልኝን መልሶች ሳነብ ስፖንጅ ላይ ወድቄ ነው የሳቅኩት። አንዱ «ሠ፣ ሹፌሩ ስላላማራት» ይላል። አንዷ «ሠ፣ መልሱ እዚህ የለም፣ ቲቸር ራሷም አታውቀውም» ትላለች። ይቺን ልጅ አደራ እንዳትጥያት። ከሁሉ የበለጠብኝ ግን «ሠ፣ ሽንት ቤት ፈልጋ ነው የወረደችው፤ ትመለሳለች» ያለው ነው። ይህ ልጅ ያመለጠሽን ነገር ነው የነገረሽ። ልጅቷ ከአውቶቡሱ ትወርዳለች ብሎ ሊያምን አልቻለም። እኔም አልቻልኩም።

ከፈተናው በኋላ ደግሞ ኮሪደር ለኮሪደር እየተከተሉሽ «ቲቸር፣ ከዚያስ? ከዚያስ ምን ሆነች?» ሲሉሽ ዋሉ። ደራሲ የሚባል ሰው ሁሉ ዕድሜ ልኩን የሚለምነው ይህችኑ «ከዚያስ?» ነው ብዬ እገምታለሁ። አንቺ ግን «ወደ ክፍላችሁ ግቡ!» ብለሽ አባረርሻቸው።

ቀጥሎ አንድ አባት መጣና «ፈተናችሁ ሴት ልጄን ከቤት መውጣት ያስተምራታል» ብሎ ቢሮ ውስጥ ጮኸ። ልጅቷ ተመልሳ ቤቷ እንደገባች የነገረው የለም መሰለኝ፤ አንዳንድ ሰው ምንባብን የሚያነበው እስኪናደድ ድረስ ብቻ ነው። አቶ መመሪያም ጠራሽና «ምንባቡ ከየትኛው መጽሐፍ ነው የተወሰደው? ሰኞ መጽሐፉን ይዘሽ ቅረቢ» አለሽ። በዚያው አፉ ደግሞ የምክትልነቱ ቦታ ክፍት መሆኑን፣ ቦታው የሚገባው ሐሳቧን ሁሉ ለሥራዋ ለምትሰጥ ሰው መሆኑን አጫወተሽ። በአንድ እጁ ዱላ፣ በአንድ እጁ ከረሜላ። ሰውዬው ሞኝ አይደለም።

አንቺም ወሰንሽ። ሰኞ «ከአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ነው የወሰድኩት፣ መጽሔቱ ጠፍቶብኛል» ልትዪ። ምክትልነቱን ልትቀበዪ። ልብ ወለዱን ቀዳደሽ ልትጥዪ። ምክንያትሽንም እንዲህ ብለሽ ጻፍሽልኝ፦ «ጋሼ፣ ስጽፍ ያላረምኩት ወረቀት ይጮህብኛል፤ ሳርም ያልጻፍኩት ምዕራፍ ይጮህብኛል። ሁለቱንም አሳዘንኳቸው። ጥሩ አስተማሪም፣ ጥሩ ደራሲም አልሆንኩም።»

የሚጮኽ ነገር ከሁለት በኩል ሲመጣ እንዴት እንደሚያደክም አውቃለሁ፤ በአንድ ጎኔ እናትሽ፣ በአንድ ጎኔ ጉልበቴ አለ። ግን የምልሽ አለኝ።

በመጀመሪያ ስለ ደራሲነትሽ። ከዚህ በፊት የላክሽልኝን ስድስት ምዕራፎች አንብቤ «ጥሩ ነው» ማለቴን ታስታውሻለሽ። ዋሽቼሻለሁ እንዳልልሽ፣ ወረቀቱ ጥሩ ነበር። ውስጡ ያሉት ወጣቶች ግን፣ ይቅር ይበልሽና፣ ሁሉም እንደ አቶ መመሪያ ነው የሚናገሩት። ያ ዋናው ልጅ ጓደኛው ሲሰድበው ምን አለ? «ወንድሜ ሆይ፣ ስድብ የደካሞች መሣሪያ ነው» አለ። ይህን ልጅ መንገድ ላይ ባገኘው እኔ ራሴ ነው የምሰድበው! እዚህ በደጄ የሚያልፉትን ወጣቶች በየቀኑ እሰማለሁ፤ አንዱም «ወንድሜ ሆይ» ብሎ አያውቅም። አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምትውይው ከእነሱ ጋር ነው። ክፍል ውስጥ ሲያሾፉ፣ ሲዋሹ፣ ሲዋደዱ፣ ሲኮራረፉ ታያለሽ። ከዚያ ወረቀትሽ ፊት ስትቀመጪ ሁሉንም ፊታቸውን አሳጥበሽ፣ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ አስከትተሽ ታሰልፊያቸዋለሽ። የሰባተኛው ምዕራፍ ልጅ ብቻ ናት ሰልፍ አልይዝም ያለችሽ። እሷን ነው እንግዲህ አሁን ቀዳደሽ የምትጥያት!

ስለ አስተማሪነትሽ ደግሞ። ጥሩ አስተማሪ አይደለሁም ትያለሽ። ለመሆኑ መጥፎ አስተማሪ ፈተና ሰጥታ ተማሪዎቿ ኮሪደር ላይ «ከዚያስ?» እያሉ የሚያሳድዷት የት አገር ነው? የእኔ ደንበኛ እንኳን ሶፋው ተሠርቶ ሲያልቅ «ከዚያስ?» ብሎኝ አያውቅም።

እናትሽ በዚህ ነገር ላይ ያላትን አቋም ታውቂዋለሽ። ከመምህራን ኮሌጅ ከወጣሽበት ቀን ጀምሮ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ስትል ነው የኖረችው። እኔም በበኩሌ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» እላታለሁ። እሷ በዛፏ፣ እኔ በባላዬ፣ ስንት ዓመት ተከራከርን። አባቶቻችን ሁለቱንም ተረት የተዉልን ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ እንዳይጠፋ አስበው ሳይሆን አይቀርም። ለወንበርሽ የቆረጥኩትን ስፖንጅም ታስታውሻለሽ። «ስጽፍ ወገቤን ያመኛል» ካልሽ ወዲህ የወንበርሽን ልክ አስልኬ፣ ጥሩውን ወፍራም ስፖንጅ ቆርጬ አስቀመጥኩ። ልባሱን የምትሰፋው እሷ ናት፤ አልሰፋም አለች። «ለማረሚያ ከሆነ አሁኑኑ እሰፋለሁ፤ ለመጻፊያ ከሆነ ግን ወገቧን ያመማት እሱ ነው፣ ይመማት» አለች። ስፖንጁ ዕራቁቱን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ድመቷ ወረሰችው።

ታዲያ ባለፈው ሐሙስ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ተንኮል ሠራሁ።

እናትሽ ስትሰፋ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደማነብላት ታውቂያለሽ፤ የድሮ ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የሳሙና ካርቶን፣ ያገኘሁትን ሁሉ። እሷም በሁሉም ላይ ሐሳብ ትሰጣለች፤ ሳሙናው ላይ ሳይቀር። ከአንቺ ልብ ወለድ ግን አንድ መስመር አልሰማም ብላ ምላለች። እኔም የፈተናውን ወረቀት አሮጌ ጋዜጣ መሐል ሸሸግኩና ልክ ከጋዜጣው እንደማነብ አድርጌ ምንባብሽን ጀመርኩላት።

የጨርቅ ቦርሳው ጋ ስደርስ የስፌት መኪናው ይሠራ ነበር። መስኮቱ ጥግ ስደርስ ቀስ አለ። የትኬቱ ቀለም መዳፏ ላይ ታተመ የሚለው ላይ መኪናው ቆመ። ቀና ስል እግሯን ከፔዳሉ አንሥታ የገዛ መዳፏን ገልብጣ ታየዋለች። መርፌው ወጋሽ እንዴ ብዬ ጠየቅኳት። «አንብብ» አለችኝ። አነበብኩ። እስከ መጨረሻው አንድም ሐሳብ አልሰጠችም። ይህ በዚህ ቤት ሆኖ አያውቅም።

ቀጥዬ ጥያቄውን አነበብኩላት፤ አራቱንም ምርጫ በየተራ። «አራት ብቻ ናቸው?» አለች። አራት ብቻ ናቸው አልኳት። «አንዱም አይደለም» አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ልጅ ሆነሽ ጉንጭሽ አብጦ የተኛሽ ጊዜ፣ አንድ ተረት ነግሬሽ ነበር። በአንድ ሰፈር የነበረች ልጅ ከቤት ወጥታ መናኸሪያ ሄዳ፣ ታላቅ ወንድሟ እየሮጠ ደርሶ፣ ድንጋይ በሚያቀልጥ ልመና ለምኖ የመለሳት። አንቺ ረስተሽው ከራስሽ ያፈለቅሽው መስሎሽ ይሆናል፤ ግድ የለም፣ በልጅ ጆሮ የገባ ነገር መውጫው አይታወቅም። ምንባብሽን ሳነብ ግን ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነበር፤ ወንድምየውን የት አደረስሽው? ከታሪኩ ሁሉ ደህናው ሰው እሱ ነበር! ስለዚህ ለእናትሽ ፍንጭ ልስጣት ብዬ፣ ምናልባት የሚለምናት ወንድም ኖሮ እንደሆነስ አልኳት።

ሳቀች። አንቺ እናትሽ ስትስቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ፤ እኔ ግን እንዲህ ስትስቅ የሰማኋት ጥርሷ ሙሉ ሳለ ነው።

«ወንድሟ የደረሰውማ አውቶቡሱ ከተበላሸ በኋላ ነው» አለች።

የትኛው አውቶቡስ አልኳት።

ክሩን ከመርፌው ውስጥ እያወጣች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ እንዲህ ስትል ነገረችኝ፦ «አልወረደችም። በራሷ ፈቃድ መች ወረደች? አውቶቡሱ ከመናኸሪያው በር ሳይወጣ ጨሰ። ሹፌሩ ውኃ አፈሰሰበት፣ ሰደበው፣ አልሆነም። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ፣ እሷም ወረደች። በዚያ ቀን ሌላ አውቶቡስ አልነበረም። ጥላው ሥር ቆማ ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት ሳለ ወንድሟ እያለከለከ መጣ። ለመናት፣ አለቀሰ። አሳዘናት። በልመናዬ ተመለሰች ብሎ ደስ ይበለው ብላ አንድ ቃል ሳትናገር ተከተለችው። ቤት ስትገባ አባቷ መረቃት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጨዋ ልጅ፣ ልብ ገዝታ የተመለሰች እያለ አወደሳት። ማን ጠየቃት? አንድ ሰው እንኳን፣ ለምን ወረድሽ ብሎ አልጠየቃትም። ያንን ወረቀት ያወጣው ሰው የመጀመሪያው ነው።»

መቀሱን አቀብይኝ ብቻ ነው ያልኳት፤ እሷም አቀበለችኝ። የምቆርጠው ነገር አልነበረኝም።

ያንን ተረት እኔ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት ራስሽ ታውቂያለሽ። በሠርግ ላይ አውርቼዋለሁ፤ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረኝ «ልመናን ከአንድ የማውቀው ሰው ተማር» ብዬ አውርቼዋለሁ። ያ ወንድምየው ዛሬ ቢሰማ ኪሎው ይቀንስ ነበር። ደግሞ ወደ ኮሌጅ ስንሸኝሽ እናትሽ ሹፌሩን «ራዲያተሩ ውኃ አለው? ጎማው ደህና ነው? ትናንት ፈትሸኸዋል?» እያለች ስታፋጥጠው አንቺ አፍረሽ ከሻንጣሽ ኋላ ስትደበቂ፣ እኔ ደግሞ ስስቅባት ትዝ ይልሻል? ከዚያም ወዲህ አንቺን አውቶቡስ ላይ ባሳፈረች ቁጥር ያንኑ ታደርጋለች፤ እኔም ያንኑ ስስቅ ኖርኩ። ይህን እንዲሁ ትዝ ስላለኝ ነው የጻፍኩልሽ።

መቀሱን ካቀበለችኝ በኋላ «ማን ነው የጻፈው?» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ጸሐፊው ያልታወቀ ይላል አልኳት፤ ይላልም። «ያልታወቀ ሰው ይህን ሁሉ ከየት አወቀ?» አለች። በዚህ ጊዜ ተንኮሌ ከበደኝና ልጅሽ ናት አልኳት። ስለ አቶ መመሪያም፣ ስለ ሰኞም፣ ስለ መጽሔቱ ውሸትም፣ ልብ ወለዱን ቀዳደሽ ልትጥዪው ስለማሰብሽም ሁሉንም ነገርኳት። ሐሳብ እስክትሰጥ ጠበቅኩ። ተነሥታ መደርደሪያው ጋ ሄደች፤ ድመቷን ከስፖንጁ ላይ አወረደቻትና ስፖንጁን አራግፋ መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠችው።

ከዚያ «አንተ ሰውዬ፣ ጻፍላት» አለችኝ። «ልጅቷን ከአውቶቡሱ አታውርዳት በላት። ከመነሳቷ በፊት ሹፌሩ ሞተሩን ይፈትሽ። አውቶቡሱን ታስነሳው።»

እኔም ዕድሉን ካገኘሁ አይቀር ብዬ፣ ማስተማሩንስ ትተወው ነው የምትዪው፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ስትዪ አልነበር እንዴ አልኳት።

«ስለ ዛፍ መች አወራሁ? ስለ አውቶቡስ ነው የማወራው። አውቶቡስ ላይ የሚወጣው በሁለት እግር ነው» አለችና መኪናዋን አስነሳች። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ በመኪናው ድምፅ ተዋጠ።

እንግዲህ ሰኞ ሊደርስ ነው። ምን እንደምታደርጊ ልነግርሽ አልችልም፤ ምክር መስጠት ያልኩሽን ነገር ያበላሽብኛል፤ መካሪ ከወንበር ሥር ብቅ ሲል እንዴት እንደሚያስጠላ አሁን ነው የጻፍኩልሽ። እኔ አንቺን ብሆን ግን፣ አቶ መመሪያ መጽሐፉን አምጪ ሲለኝ «ገና አልጨረስኩትም፤ ስጨርሰው አመጣልዎታለሁ» እል ነበር። የሰውዬውን ፊት ለማየት ብቻ እንኳን ይህን ማለት ያዋጣል። ይቆጣ ይሆናል። ምክትልነቱን ለሌላ ይሰጥ ይሆናል። የምክትል ወንበር ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፤ እዚህ ባለው ትምህርት ቤት በየዓመቱ ሞላውን የምቀይረው እኔ ነኝ፣ ማንም ተመችቶት የተቀመጠበት የለም። ለተማሪዎችሽ ግን ያቺን ጥያቄ ሰርዢላቸው፤ «ሠ» ላሉትም ሙሉ ነጥብ ስጪያቸው። ሽንት ቤት ሄዳለች ላለው ልጅ ከእኔ ሰላም በይልኝ፤ ከሁላችንም እሱ ነው ለመልሱ የቀረበው።

ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ አንድ ጥቅል ይደርስሻል። የወንበርሽ ትራስ ነው። ልባሱ ወፍራም፣ ስፌቱ ድርብ ነው፤ በዚህ ዓይነት ስፌት የምትሰፋው ቶሎ እንዲያልቅ የማትፈልገውን ዕቃ ብቻ ነው። ለማረሚያ ነው ወይስ ለመጻፊያ ብዬ ብጠይቃት «ለመቀመጫ ነው» አለችኝ። የድመት ፀጉር ካገኘሽበት ታገሺው። ጥቅሉን ለሹፌሩ ልንሰጥ መናኸሪያ አብረን ሄድን፤ እናትሽ እንደ ልማዷ ስለ ራዲያተሩ አፋጠጠችው። ሰውዬው ተሰላችቶ ወደ እኔ ዞረና ዓይኑን ጠቀሰኝ፤ ሌላ ጊዜ አብሬው እስቅ ነበር። እኔም ክዳኑን ክፈተውና አሳያት አልኩት። ከፍቶ አሳያት። አየችና «ይሂድ» አለች።

ለእናትሽ በደብዳቤም ሆነ በስልክ ስለዚህ ነገር አንድም ጥያቄ እንዳታነሺባት። እኔም ምንም አላውቅም፤ ስለ አንዲት የሰፈር ልጅ ነው ያወራነው።

ቃል የገባሁልሽ ጥያቄ ይኸውና፦ አውቶቡሱ ከተነሳ በኋላ ልጅቷ የት ደረሰች? ምርጫ የለውም። በራስሽ አባባል መልሺ። ማረሚያው እኛ ጋ የለም፤ ግን ሁለት ሰዎች መልሱን እየጠበቁ ነው፣ አንዷ ደግሞ ስፌት እየሰፋች ደጋግማ «ከዚያስ?» ትላለች።

ፈጣሪ ጤናውንና ትዕግሥቱን አይንሳሽ። ያስተማርሻቸው ይቁሙልሽ፣ የጻፍሽው ይነበብልሽ። እጅሽ አይዛል፣ ወገብሽ ይጽና። የተሳፈርሽበት ሁሉ ያድርስሽ።

ለእናትሽ ታላቅ ወንድሟ፣
ለአንቺ ደግሞ እስከ ባለፈው ሐሙስ ድረስ
እንደ እኔ ያለ ለማኝ የለም ብሎ ያምን የነበረው
አጎትሽ